ስንተኛ ወጣሽ?

የካቲት 12

ለተከበሩት እትዬ፣

ይህች ደብዳቤ ወገብዎን ሳያምዎ፣ ዓይንዎም ክር በመርፌ ለማስገባት ሳይቸገር እንድታገኝዎ እመኛለሁ። አባቴስ ደህና ነው? ለእሱ ለብቻው አልጻፍኩም፤ ቢጻፍለትም መልስ እንደማይሰጥ እርስዎም እኔም እናውቃለን። እህቱ ነዎትና እርስዎ ያንብቡለት፤ የማይጥመውን ይዝለሉት።

እኔ ደህና ነኝ። የምኖረው ከአንድ ጫማ ቤት በላይ ባለች ክፍል ነው። አልጋ፣ ወንበርና መስኮት አላት፤ ከዚያ ሌላ ነገር ከገባባት እኔ መውጣቴ ነው። ብስክሌቴን ከአልጋዬ በላይ ግድግዳው ላይ ሰቅያታለሁ። ስተኛ ፔዳሏ አፍንጫዬ አጠገብ ነው። አንድ ቀን በእንቅልፍ ልቤ ብድግ ብዬ ተጋጭቼ ግንባሬ አብጦ ሥራ ስገባ፣ ማን መታሽ ብለው አፋጠጡኝ። ብስክሌቴ ብላቸው ማን ያምነኛል?

ሥራዬ ሆቴል ውስጥ ነው፤ ምድር ቤት ያለው ልብስ ማጠቢያ። አንሶላ ከማሽን አወጣለሁ፣ እተኩሳለሁ፣ አጥፋለሁ። ከዚያ በፊት ግን ሰዉ ሳይነሳ ከከተማው ወጥቼ ዳገቱን ሁለት ጊዜ ወጥቼ እመለሳለሁ። ሥራ ስገባ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል። የፈረቃ ኃላፊዋ፣ እኔ ጋ የምትመጪው ለማረፍ ነው እያለች ትተርበኛለች። አልተሳሳተችም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ክለብ ተቀብሎኛል። ክለቡ አማተር ስለሆነ ደመወዝ የለውም፤ ማሊያና ጎማ ይሰጡናል፣ ሌላው የራሳችን ነው። ነገር ግን ዘንድሮ የአንድ ፕሮፌሽናል ቡድን መልማይ ውድድሮቻችንን እየዞረ ያያል። ከእኛ ክለብ አንዷን ይወስዳል ተብሏል፤ አንዷን ብቻ። ለተወሰደችው ብስክሌት መንዳት እንጀራዋ ሆነ ማለት ነው፤ አንሶላ ማጠፍ ቀረ።

ከአባቴ ጋር የተስማማነውን አልረሳሁም። ነሐሴ አልቆ ካልተሳካልኝ ተመልሼ መናኸሪያው ትኬት ክፍል እገባለሁ ብያለሁ፤ ቃሌን አላጥፍም። ግን እትዬ፣ ከዚያ መስኮት ኋላ ተቀምጬ ሰው ሲሄድ እያየሁ መኖር አልፈልግም። ገንዘብ ላኩልኝ አልልም። ይህችን ዓመት ብቻ አባቴን ያዙልኝ።

የእርስዎ ፌንጣ


መጋቢት 9

ይድረስ ለፌንጣዬ፣

እግርሽን ያጽናው፤ ከጉድጓድም ከክፉ ሹፌርም ይሰውርሽ። እኛ ደህና ነን። ወገቤ እንደ ልማዱ ነው፣ እኔም እንደ ልማዴ አልሰማውም።

ደብዳቤሽን ለአባትሽ አነበብኩለት። አውቶቡሱን አስረክቦ መግባቱ ነበር፤ ጫማውን እያወለቀ እስከ መጨረሻው ሰማኝና፣ ደመወዝ የለውም ነው ያለችው፣ ብሎ ጠየቀኝ። በማግስቱ መናኸሪያ ሄዶ፣ ልጄ መስከረም ላይ ትመጣለች ብሎ ቦታ አስይዞልሽ ተመለሰ። ልጅቷን ሳትወድቅ ታነሳታለህ እንዴ ብዬ ጮህኩበት። ዝም። ይህ ወንድሜ ዝምታውን ለአውቶቡሱ ቢያካፍለው ነዳጅ ይቆጥብ ነበር። አይዞሽ፣ እኔ እያለሁ እስከ ነሐሴ ድረስ ማንም አይነካሽም።

ስትሄጂ ገበያ የተገዛው ቁምጣ ይቆረቁረኛል ብለሽ ስታማርሪ ነበር። የስፌት ሠራተኛ የወንድም ልጅ የፋብሪካ ቁምጣ ለብሳ ትቆስላለች? አሳፋሪ ነው። ሁለት ሰፍቼ ልኬልሻለሁ። መቀመጫው ላይ ወፍራም ስፖንጅ ደራርቤበታለሁ፤ እንዳይንሸራተት ዙሪያውን በወፍራም ክር ሦስቴ መትቼዋለሁ። ጨርቁ ይቀደዳል እንጂ ስፌቱ አይለቅም። ከጎኑ ኪስ አለው፣ መሀረብ ያዢበት።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ውድድርሽ በኋላ ስትጽፊ ስንተኛ ወጣሽ የሚለውን አስቀድሚ፤ ሰላምታው ከኋላ ይድረስ። ስፌት ቤቱ በሙሉ ይጠብቃል። አንደኛ ከወጣሽ እሰየው። ሁለተኛም አንጠላም። ሦስተኛ ከሆነ መንገዱ ብልሹ ነበር እንላለን። ከዚያ በታች ያለውን እኔና አንቺ ብቻ እንወቀው።

አክስትሽ


ሚያዝያ 6

ለእትዬ፣

ባዘዙኝ መሠረት አስቀድሜ ልናገር፤ ሰባ አንደኛ። ከስንት ሰው እንዳይሉኝ፣ ከእኔ ኋላ ብዙ ሰው አልነበረም። አሁን ሰላምታዬ ይድረስዎ፤ ጤናዎ ይብዛልኝ፣ እድሜዎ ይርዘምልኝ። ደግሞም ይቀመጡና የቀረውን ረጋ ብለው ያንብቡልኝ።

በዚህ ውድድር ቡድን ሆነን እንነዳለን፤ የሚያሸንፈው ግን አንድ ሰው ነው። የቀሩት ያንን ሰው ያደርሳሉ። የእኛዋን አሸናፊ ሎጋዋ እላታለሁ፤ እግሯ ብቻ የእኔን ቁመት ያህላል። ዳገት ላይ የሚደርስባት የለም። ግን ዳገቱ እስኪመጣ ጉልበቷ እንዳያልቅ ከፊቷ ሆኖ ነፋሱን የሚቀበልላት ሰው ያስፈልጋል። ከሰው ኋላ ተጠግቶ የሚነዳ ሰው ድካሙ በጣም ይቀልለታል። ያ ከፊት ያለው ሰው እኔ ነኝ።

ሲጠማቸው ደግሞ ወደ ኋላ ወደ ቡድናችን መኪና እመለስና ኮዳ እቀበላለሁ። በጀርባዬም በደረቴም ማሊያዬ ውስጥ እጠቀጥቀዋለሁ፤ ላየኝ ሰው መንታ ያረገዝኩ ነው የምመስለው። ከዚያ ያንን ሁሉ መንጋ አልፌ ለእያንዳንዳቸው አድላለሁ። አድዬ ስጨርስ የመጀመሪያዋ ጠምቷታል።

የዳገቱ ሥር ስንደርስ አልቆልኝ ነበር። ዓይኔ ጭጋግ ለበሰ፣ አፌ የብረት ጣዕም ሰጠኝ። ሎጋዋ በቃሽ ብላኝ አለፈችኝና ወጣች፤ ሁለተኛ ሆነች። እኔ እየተንፏቀቅኩ ገባሁ። እትዬ፣ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። አሰልጣኙ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ ሌላም ጊዜ እንዲሁ አለኝ። መልማዩም መጥቶ ነበር፤ ጥቁር መነጽር ስላደረገ ማንን እንደሚያይ አይታወቅም።

ቁምጣዎቹ ደርሰውኛል፤ እጅዎን ይባርከው። በዚያው ውድድር አንዱን ለብሼው ነበር። መንገዱን ሙሉ እርስዎን ሳስብ ዋልኩ።

ፌንጣ


ሚያዝያ 29

ፌንጣ፣

ላንቺ ጤና ይስጥሽ፤ እኔን ግን ጤና ነስተሽኛል።

ደብዳቤሽን ስፌት ቤት መሃል ቆሜ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩና ሰባ አንደኛ የሚለው ላይ ሳል ያዘኝ። ቁልፍ የምትተክለው ጓደኛዬ ስንተኛ አለች ብትለኝ፣ ጽሑፏ አይነበብም አልኳት። ውሸት አስለመድሽኝ።

ውሃ ለመቅዳት ነው አገር አቋርጠሽ የሄድሽው? እዚህ የቧንቧ ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን አንሺ ስትባይ አልጋ ሥር የምትደበቂው ልጅ፣ እዚያ ሄደሽ ለማታውቂያት ሴት ውሃ ታመላልሻለሽ? ያቺ ሎጋ እጅ የላትም? ቁመቷን ሰጥቷት ነፋሱን ለመቀበል አንቺን ከፊቷ ታቆማለች? ደግሞ ደስ ብሎኛል ትያለሽ። ደስታሽ ነው ያበሳጨኝ።

እስቲ አስቢው። መልማዩ አንዷን ብቻ ነው የሚወስደው ብለሻል። ሁለተኛ የወጣችውን ትቶ ሰባ አንደኛዋን የሚወስድ ጤነኛ ሰው አለ? እሷን በጉልበትሽ እያስቀጠርሽ አንቺ ትኬት ክፍል ልትገቢ ነው። ለአባትሽ በርትታለች ብዬዋለሁ፤ ቁጥሩን አላነሳሁበትም። እሱም አልጠየቀኝም፤ አለመጠየቁ ነው የሚያስፈራኝ።

እጄን አጣጥፌ የምቀመጥ ሰው እንዳልሆንኩ ታውቂያለሽ። የሚደረገውን አድርጌያለሁ፤ ሲደርስ ትሰሚያለሽ። አንቺ ብቻ ከእንግዲህ ወደ ፊት ንጂ።

አክስትሽ


ሰኔ 3

ይድረስ ለፌንጣዬ፣

ሰላምሽን ያሰማኝ። ደብዳቤ ካየሁብሽ ቆየሁ። ፖስታ ቤቱ ነው ብዬ ፖስታ ቤት ሄድኩ፤ ፖስታ ቤቱ አይደለም። ወድቀሽ ይሆን? ከወደቅሽ ሌላ ሰው ይጻፍልኝ። ተቆጥተሽ ከሆነ ቁጣሽን ጻፊልኝ፤ እሱንም ቢሆን አነበዋለሁ። አባትሽ ማታ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ደብዳቤ የማስቀምጥበትን መደርደሪያ ነው። ባዶ ሲሆን ሬዲዮ ይከፍታል።

አክስትሽ


ሰኔ 24

ለእትዬ፣

ጤና ይስጥልኝ። አልወደቅኩም።

ለሎጋዋ የጻፉላት ደብዳቤ ደርሷል። ጎረቤትዎ አስጎብኚው አሳምሮ ተርጉሞታል፤ አንድም አላስቀረ። «እጅ ካለሽ ውሃሽን ራስሽ ያዢ» የሚለውም አለ፤ «የወንድሜ ልጅ መጋረጃ አይደለችም» የሚለውም አለ። እራት ላይ ተሰብስበን ሳለ ጮክ ብላ አነበበችው። ልጆቹ በሳቅ ሞቱ። እኔ ከሳህኔ ቀና ማለት አቃተኝ። እሷ ግን አልሳቀችም። አጥፋ ኪሷ ከተተችውና፣ አክስትሽ ልክ ናት፣ የሚቀጥለው ውድድር ያንቺ ይሁን አለችኝ።

እምቢ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። እርስዎን ለማስደሰት ነው ብል ውሸት ነው፤ እኔም አምሮኝ ነበር።

ዳገቱ ሳይደርስ ብቻዬን ተነጥዬ ወጣሁ። ከፊቴ አንድ ሞተር ብስክሌት እንጂ ማንም የለም፤ ሰዉ በየመንገዱ ዳር ያጨበጭብልኛል። ያኔ ስንተኛ ነሽ ቢሉኝ አንደኛ ነኝ እልዎት ነበር። ከዚያ ዳገቱ መጣ። እግሬ ለዳገት አልተፈጠረም፣ እውነቱ ይኸው ነው። አንድ በአንድ አለፉኝ። ሎጋዋም ስትደርስብኝ ነፋሱን ብቻዋን ስትቀበል ስለዋለች ጉልበቷ አልቆ ነበር። ከእኛ ቡድን ለወሬ የሚበቃ ሰው አልገባም።

መልማዩ መነጽሩን አውልቆ ወደ እኔ መጣ። «አሸናፊ ሞልቶኛል» አለኝ። «እኔ የመጣሁት ሚያዝያ ላይ ያየኋትን ልጅ ፈልጌ ነው። የት ሄደች?» ጀርባውን ሰጥቶኝ ሄደ።

ለካ ስመለከተው ማንን እንደሚያይ የማላውቀው ሰው እኔን ሲያይ ኖሯል። እትዬ፣ እጄ ላይ የነበረውን ነገር ነው ያጣሁት። ስለዚህ ነው ያልጻፍኩልዎት፤ የሚወጣኝ ቃል ጥሩ እንደማይሆን ስላወቅኩ ነው። በጣም ተናድጄብዎታለሁ፤ በራሴ ደግሞ ይብስ።

ከተናገርኩ አይቀር ቁምጣው ይልጠኛል። ያ ሦስቴ የመቱት ስፌት ነው የሚልጠኝ። መንገዱን ሙሉ እርስዎን ሳስብ ዋልኩ ያልኩት በእሱ ምክንያት ነው።

አንድ ውድድር ቀርቶኛል፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ። ለሎጋዋ ወደ ቦታዬ ልመለስ ብያታለሁ፤ ገና ሳልጨርስ እሺ አለችኝ። የእኔን ሥራ እሠራለሁ፤ ሌላው የመልማዩ ጉዳይ ነው። እርስዎ ለማንም አይጻፉልኝ። ለአባቴ ግን ሰባ አንደኛ መውጣቴንም የቀረውንም ይንገሩት። በሐሰት አሸናፊ ሆኜ ወደ ቤት መመለስ አልፈልግም።

ፌንጣ


ሐምሌ 16

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣

ልብሽን ያሳርፈው፣ ጉልበትሽንም ይመልሰው።

ቁምጣውን ጣዪው። እኔን ላለማስቀየም ቆዳሽን መገበርሽ ግን ምን የሚሉት ጅልነት ነው? ስፌትዎ ይልጠኛል ብትዪኝ አልሞትም ነበር። ሁለት ቀን ብቻ አኮርፍ ነበር።

ስለ ደብዳቤው አጥፍቻለሁ። ይህንን ቃል ከአፌ ስንት ጊዜ እንደሰማሽው ታውቂያለሽና አታስደግሚኝ። ሰው ልጄን ሲጫንብኝ የማየው መስሎኝ ነው። እንጀራሽን የምነካ አልመሰለኝም።

ነፋስ ያልሽው ነገር ግን አልዋጥልኝ ብሎ ነበር። ባለፈው ሳምንት ቆርቆሮ የሚያስነሳ ነፋስ ተነሳ። ከስፌት ቤት ስመለስ ያ አስጎብኚው ጎረቤቴ ከፊቴ ይሄዳል፤ ታውቂዋለሽ፣ ትከሻው በር ይሞላል። ሻርፔን ያዝኩና ከኋላው ተለጠፍኩ። ሲፈጥን ፈጠንኩ፣ ጥግ ሲይዝ ጥግ ያዝኩ። እውነትሽን ነው፣ ነፋሱ ጠፋ። ከዚያ ቀድሜው ወጣሁ። አቧራው አፌን ሞላው፣ ቀሚሴ እግሬ ላይ ተጠመጠመ፣ ቤቴ ደጅ ስደርስ ትንፋሽ የለኝም። ምን ሆነው ነው ብሎ ሲጠይቀኝ ልምምድ ላይ ነኝ አልኩት። ሚስቱ በመስኮት ታየን ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሰላምታዋ ቀዝቅዟል።

ገብቶኛል። ወድጄዋለሁ ግን አልልሽም። ስንት ዓመት ሙሉ ነፋስ ተቀብለሽ ሌላዋ አበባ ስትታቀፍ ማየት ለእኔ ይከብደኛል። ላንቺ ካልከበደሽ ግን ሥራሽን ሥሪ፤ ማንም ቀና ብሎ እንዳያይሽ አድርገሽ ሥሪው። ከውድድሩ በኋላም የሎጋዋን ስንተኛነት አስቀድመሽ ጻፊልኝ። ያንቺን ከፈለግሽ ትጽፊዋለሽ።

ለአባትሽ እነግረዋለሁ። ቀኑን ግን እኔ ልምረጠው።

አክስትሽ


ነሐሴ 28

ለእትዬ፣

ሎጋዋ አንደኛ።

ሰላምታዬ ይድረስዎ፤ ላኮረፉት ጎረቤትም ጭምር።

ሲነጋ ጀምሮ ነፋስ ነበር፤ ከተማው ዳር ያለው ባንዲራ ሁሉ ይንጫጫል። ከመነሻው ፊት ያዝኩና ጎንበስ አልኩ። ኮዳ አመላለስኩ፣ አሁንም ፊት ያዝኩ። ሎጋዋ ከኋላዬ ስትተነፍስ እሰማታለሁ፤ ትንፋሿ ረጋ ያለ ከሆነ ሥራዬን እየሠራሁ ነው ማለት ነው። ረጋ ያለ ነበር።

ዳገቱ ሥር ልንደርስ ስንል የኋላ ጎማዋ ተነፈሰ። የቡድናችን መኪና ርቆ ቀርቷል፤ እስኪመጣ ብትጠብቅ ውድድሩ አለቀላት። ወረድኩና የራሴን የኋላ ጎማ ፈትቼ ገጠምኩላት። እግሯ ላይ ወድቄ የምለምናት ነው የሚመስለው። ጀርባዋን ገፍቼ ለቀቅኳት። ከዚያ እኔ አንድ ጎማ ያላት ብስክሌት ይዤ መንገድ ዳር ቆምኩ። ሁሉም አለፉኝ። የመጨረሻዋ ስታልፍ ዞር ብላ አዘነችልኝ።

መኪናው ደርሶ ጎማ ሰጡኝ። ረዳቱ መኪናው ውስጥ ግቢ እንጂ፣ አልቋል እኮ አለኝ። አልገባም አልኩት። ዳገቱን ብቻዬን ወጣሁ። ያጨበጭቡ የነበሩት ሰዎች ወንበራቸውን አጥፈው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። አንድ ሽማግሌ መንገዱን ሲያቋርጡ ፍሬን ይዤ አሳለፍኳቸው። መጨረሻው መስመር ላይ የነበረውን በአየር የተነፋ ቅስት አስተንፍሰው እየጠቀለሉት ነበር፤ ጎንበስ ብዬ በጎኑ ገባሁ። ስንተኛ እንደወጣሁ የሚመዘግበው ሰው ሄዷል።

መልማዩ እዚያው ቆሟል።

«መኪናው ውስጥ ለምን አልገባሽም?» አለኝ።

«እዚህ ድረስ ነው የተባልኩት» አልኩት።

እሱን ስቆ አይቼው አላውቅም ነበር፤ ሳቀ። ሎጋዋን ሌላ ቡድን ቀድሞ ይዟታል፤ ለካ እሷ አስቀድማ፣ ለቡድንህ የምታስፈልግህ ያቺ አጭሯ ናት ብላው ኖሯል። ሰኞ ቢሮው ሄጄ ፈረምኩ። ውሉ የአንድ ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው በእግሬ ነው የሚወሰነው። ደመወዙ ከአንሶላው ብዙ አይበልጥም፤ ግን ደመወዝ ነው፤ ይህንን ለአባቴ ሁለት ጊዜ ያንብቡለት። ለሆቴሉም የመልቀቂያ ደብዳቤ አስገብቻለሁ። የፈረቃ ኃላፊዋ አለቀሰች፤ ከዚያ የቀረውን አንሶላ አጥፊና ሂጂ አለችኝ።

አባቴ ካልፈቀደ ምን እንደማደርግ አላውቅም። ቃሌን ጠብቄያለሁ፤ ግን ይህንን ሥራ ነው የሚለው እሱ ነው። እርስዎ የመረጡት ቀን አሁን ይሁንልኝ።

ፌንጣ


መስከረም 15

ይድረስ ለልጄ፣

ደስታሽን ያዝልቀው፤ ያሰብሽው ሁሉ ይሙላልሽ።

ደብዳቤሽ የደረሰው ትናንት ነው። አባትሽ እስኪገባ ሦስት እጅጌ አገጣጥሜ ገልብጬ ሰፋሁ፣ መልሼ ፈታሁት። ገባ፤ ጫማውን ሳያወልቅ መደርደሪያውን አየ። ከዚያ ስንት ወር ያልጠየቀኝን ጠየቀኝ።

«ስንተኛ ወጣች?»

«መጨረሻ» አልኩት።

አልደነገጠም። ከዚያስ አለኝ። ቀጠሯት አልኩት። ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኩት፤ ሰባ አንደኛውንም፣ ኮዳውንም፣ ለሎጋዋ የጻፍኩትን ጉዴንም። ደመወዝ የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበብኩለት። ስጨርስ ደብዳቤውን ከእጄ ወሰደና መነጽሩን አድርጎ ራሱ ከመጀመሪያው ጀመረ። እኔ እራት አቀረብኩ፣ ቀዘቀዘ፣ አነሳሁት። ቀና ሲል ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፣ ነፋሱ ከፊት ነበር ወይስ ከጎን? እዚያ ነበርኩ እንዴ እኔ አልኩት።

ዛሬ የእረፍት ቀኑ ነው። ተነስቶ የሥራ ጃኬቱን ለበሰና ወዴት ነው ብለው ሳይመልስልኝ ወጣ። ሲመለስ ብእር አምጪ አለኝ። ከዚህ በታች ያለው የእሱ ጽሑፍ ነው፤ እኔ አላነበብኩትም። እሺ፣ አንብቤዋለሁ።

አክስትሽ

ልጄ፣

የትኬት ክፍሉን ቦታ ዛሬ ጠዋት ለሌላ ሰው እንዲሰጡት ነግሬያቸዋለሁ። ለምን ሲሉኝ ልጄ ሥራ አላት አልኳቸው።

ከፊት የሚመጣውን ነፋስ ችለሽዋል። ከጎን የሚመጣው ይከፋል። ድልድይ ላይ ስትደርሺና ከትልቅ መኪና ጥላ ስትወጪ በድንገት ነው የሚመታሽ። ያን ጊዜ ትከሻሽን ዝቅ አድርጊ፤ ክንድሽን አታድርቂው። በዚህ ሁሉ ዓመት ነድቼ የማውቀው ይህንን ነው።

አባትሽ